ከጉድጓዱ የቀረችው ላም

ጂንካ፣ ኅዳር 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ ይሁኔ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ስዋሽ ከእጅ ጽሕፈቴ ታውቅብኛለህ፤ ፊደሎችህ ይጋደማሉ ትለኝ ነበር። ሃና ከተማ ለሥራ በሄድክባቸው ወራት በየሳምንቱ እጽፍልህ ስለነበር እጄ ለምዶብኛል። አሁን የት ብዬ እንደምልክልህ ግን አላውቅም። ስለዚህ ይህን ቤይሩት ላሉት አክስታችን በምልከው ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደጉን እቴቴ ጤናዬ ናቸው፤ የአንተን ደብዳቤ ቢያነቡት አትቀየምም።

ከቀብርህ ሦስት ሳምንት ሆነ። ጎረቤታችን እማማ ሙሉሽ ብቻዬን እንዳልሆን እኔ ጋ ያድራሉ። መደብ ላይ ይተኛሉ እንጂ አልጋህን አልነኩም። እኔም እስከ ትናንት አልነካሁትም። ትናንት ፍራሽህን ፀሐይ ላስመታ ሳነሣው ከሥሩ ቢጫ የላስቲክ የጆሮ ቁጥር ወደቀ። ዐሥራ አራት ይላል።

መጋቢት ላይ የምትሠራበት የከብት በሽታ ጥናት ያለቀ ቀን ልብስህ ኖራ በኖራ ሆኖ መጣህ። ምን እንደሚደረግ አስቀድመህ ነግረኸኝ ነበር። ጤነኞቹ ላሞች በጨረታ ይሸጣሉ፣ ሁለት ጥጆች ለኮሌጁ ተማሪዎች መለማመጃ ይሰጣሉ፣ ደማቸው ውስጥ ጽንስ የሚያስወርደው በሽታ የተገኘባቸው ሃያ ሁለቱ ግን ተገድለው ኖራ ተነስንሶባቸው ይቀበራሉ። ሥጋቸው አይበላም፣ ወተታቸው አይጠጣም፣ ቆዳቸው አይሸጥም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላሃቸው፣ ያጠጣሃቸው፣ ሲያምጡ ያዋለድካቸው አንተ ነህ። የዚያን ቀን "ሃያ ሁለቱንም ቀበርናቸው" ብለህ ራት ሳትበላ ተኛህ።

ዐሥራ አራትን አውቃታለሁ፤ ከሃያ ሁለቱ አንዷ ናት። ተማሪዎቹ እስከ ብብታቸው ጓንት አጥልቀው እርግዝና መመርመር የሚለማመዱባት ላም ነበረች። ሃያ ልጅ ተራ በተራ እጁን ሲያስገባባት ዝም ብላ ታመሰኳ ነበር። "ይቺ ከመምህሩ የበለጠ አስተምራለች፤ ደመወዝ ነው የቀራት" ብለህ አስቀኸኛል።

ከዚያ ወር ጀምሮ ዶላሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ በቅል ወተት ያመጣልን ጀመር። ዶላሞ ከቁልቁል፣ ከቆላው መንገድ የሚመጣ ከብት አርቢ መሆኑንና ወዳጅህ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። ከየትኛዋ ላም ነው ብዬ ስጠይቅህ "የወዳጅ ወተት አይመረመርም" አልከኝ። ሳናፈላ ጠጣነው። እስክንጨርስ ቆሞ ያየን ነበር።

ነሐሴ ላይ ትኩሳቱ ያዘህ። ወባ ተባለ፣ ታከምክ። ታይፎይድ ተባለ፣ ታከምክ። ጥቅምት ላይ ልቡ ደክሟል፣ አርባ ምንጭ ይሂድ ብለው ወረቀት ጻፉልህ፤ መኪናው ሳይመጣ አረፍክ።

ይህ ቁጥር ከጆሮዋ በቢላ ነው የተቆረጠው። ጠርዙ ላይ ፀጉር አለበት። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የዶላሞ ላም ዐሥራ አራት ናት? አዎ ካልክ የገደለህ ወባ አይደለም። አዎ ካልክ እኔም ጠጥቻለሁ። የዶላሞ ልጆች ደግሞ ይህን በምጽፍበት ሰዓት እየጠጡ ነው።

ታናሽህ ዕዝራ


ቤይሩት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለዕዝራ፣

የእመቤቴ ጥላ ከአንተ አይራቅ፤ ስትወጣ ከፊትህ፣ ስትገባ ከኋላህ ትሁን። እኔ ማልቀስ በማይፈቀድበት ቤት ውስጥ ሆኜ ወንድምህን እያለቀስኩለት አለሁ። ማዳም ዓይኔን አይታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሽንኩርት ነው አልኳት። ይኸው ወር ሙሉ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

ለይሁኔ የጻፍከውን አነበብኩት። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትጽፍ። የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ ይማርህ ይባላል እንጂ። ሐኪሞቹ ያሉት ይበቃል። ያን ላስቲክ እሳት ውስጥ ክተተው። ስለ ላም፣ ስለ ወተት ለሙሉሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል። ወንድምህ አባት አልባ ሆኖ አድጎ ዶክተሮች በስሙ የሚጠሩት ሰው ሆኗል። ጥናቱ ሲያልቅ "ታማኝ ሠራተኛ" ብለው የጻፉለትን ወረቀት ግልባጭ ልኮልኝ ከራስጌዬ ለጥፌዋለሁ። የድሃ ልጅ ሐውልት የለውም ዕዝሬ። ስሙ ነው ሐውልቱ።

ፎቶውን ላክልኝ፤ ያቺን ነጭ ካፖርት ለብሶ በረቱ በር ላይ የተነሣትን። ደግሞ እኔ የጻፍኩለት ደብዳቤዎች ከሻንጣው ውስጥ ይኖራሉ። ሳትከፍታቸው በአንድ ፖስታ አድርገህ መልስልኝ። ለማስታወሻ ነው።

ትምህርትህን አጥብቅ። ራት ሳትበላ እንዳትተኛ።

አክስትህ ጤናዬ


ጂንካ፣ ጥር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእቴቴ ጤናዬ፣

ባሉበት ቤት እግዚአብሔር ቀና ቀኑን ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ጥር 4 ቀን ደረሰኝ። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አርባው በታኅሣሥ ወጥቷል፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። ዶላሞ ግን አልመጣም። ከቀብሩ ወዲህ ገበያም ላይ አላየሁትም።

ላስቲኩን አላቃጠልኩትም። ለማቃጠል ከሰሉን አቀጣጥዬ ነበር፤ በዚያው ቀን ከጥናቱ ሰዎች አንዱ በሞተር ሳይክል መጣ። እግዜር ያጥናህ አለኝና ይሁኔ ያስረከበው የጆሮ ቁጥር ሃያ አንድ ብቻ መሆኑን ነገረኝ።

"አንድ ጎደለ" አለ። "ቤት ውስጥ አላየህም?"

"አላየሁም።"

"ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው። ቁጥሩ ካልሞላ ጉድጓዱን አስከፍተው አጥንት ይቆጥሩ ይሆናል።" ይህን ያለው እየሳቀ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ ግን ከደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን በአጥሩ በኩል ሞተር ባለፈ ቁጥር የሚመጣው ወደ እኔ ይመስለኛል።

ስለዚህ ራሴ አይቼ ልመለስ ብዬ ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ቀርቼ ወደ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ከዋናው መንገድ ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። እርስዎን ሳላስፈቅድ በመሄዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዶላሞ አጥሩን እየጠገነ ነበር።

"የይሁኔ ታናሽ" አለኝ፤ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ቀጥነሃል። ጂንካ ምግብ የለም?"

"ትምህርት ነው።"

"ትምህርት ሥጋ ይበላል ማለት ነው" አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወው። ይሁኔን ለምን እንዳልቀበረ ሊነግረኝ ጀመረ። ሚስቱ ታማበት ነው። ግራሩ ሥር ቁርበት ላይ ተጋድማ አየኋት። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ወገቧን ይቆርጣታል። ልክ እንደ ይሁኔ።

ላሚቱ በረት ውስጥ ነበረች። ግራ ጆሮዋ ላይ ቁጥሩ የነበረበት ቦታ ተቀዷል። አጠገቧ ስቆም እንደ ድሮዋ ዝም ብላ ታመሰኳለች፤ ተማሪ የመጣ መስሏት ይሆናል።

"ላሙ ወፍሯል" አለ ዶላሞ። "ወንድምህ ንጹሕ ነው አለኝ። እውነት አለ።"

"እንዴት ነው የሰጠህ?"

"መጀመሪያ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ጥናት ሰዎች ላም ሽጥ ሲሉ ላም አልሸጥም አልኩ። ይሁኔ እኔ እጠብቀዋለሁ አለ። ለይሁኔ ሰጠሁ። እኛ ጋ ከብት ወዳጅ ዘንድ ይቀመጣል፣ ይመለሳል። ገንዘቡን ደግሞ ሰጡኝ፤ ወዳጅ ሲሰጥ እምቢ አይባልም። ሥራ አለቀ ሲሉ ሰማሁ፣ ሄድኩ። ጠዋት አጥር ላይ ቆምኩ። ላሜን ስጠኝ አልኩ።"

"ይሁኔ ምን አለ?"

"ጉድጓድ አየ። ላሙን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ንጹሕ ነው፣ ውሰድ፣ በኋላ በኩል ውጣ አለ።"

እቴቴ፣ እንዲህ ነው የሆነው። በጥናቱ ሰዎች ዘንድ የተሸጠች ላም ነበረች። በዶላሞ ዘንድ ደግሞ አደራ ነበረች። ይሁኔ በሁለቱ መካከል ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረው።

ሁለት ሌሎች ላሞቹ ዘንድሮ እንዳስወረዱበት ነገረኝ። የዓይን ነገር ነው ይላል። ሁሉንም ልነግረው ነበር የሄድኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ዶላሞ፣ ወተቱን አፍሉት።"

"ለምን?"

"ሐኪሞች ይላሉ።"

"ወተት እሳት ካየ ላሙ ይደርቃል። ሐኪም ላም አለው?" ብሎ ልጆቹን ጠራና ነገራቸው፤ ሁሉም ሳቁብኝ። ትንሿ ኪያ የምትባል ናት፤ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። የምትጠጣበትን ቅል ይዛ አፏ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ትስቃለች።

ከዚያ ዶላሞ ለእኔም ቀዳልኝ። እንደ ድሮው ቆሞ አየኝ። እምቢ ብል ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ይሁኔ ዋሽቶሃል ማለት ሊኖርብኝ ነው።

ጠጣሁት።

ያለ እርስዎ ፈቃድ የይሁኔን ስም አላነሣም ብዬ ተመልሻለሁ። እባክዎ ፈጥነው ይጻፉልኝ። በየቀኑ ግንባሬን በእጄ ጀርባ እየነካሁ ነው የምውለው። ክፍል ውስጥም። ጓደኛዬ አብዲ "ምነው፣ ሒሳቡ አተኮሰህ?" ይለኛል።

ልጅዎ ዕዝራ


ቤይሩት፣ የካቲት 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ዕዝራ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ፎቶው ደርሶኛል።

ለምን ሄድክ? አትንካው ያልኩህን ነገር ሄደህ ጠጣኸው። አሁን የምልህን ስማ። እነዚያ ሰዎች ከብታቸውን ከአንተ በፊት ያውቃሉ፤ ታመው ያውቃሉ፣ ድነው ያውቃሉ። አንተ ልጅ ነህ። የሞተር ሳይክሉ ሰውዬ ተመልሶ ከመጣ የማውቀው የለኝም በል። ዓመቱን ጨርስና ከጂንካ ውጣ። አዋሳ የአጎትህ ልጅ አለ፤ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ዘንድ ትማራለህ። እዚያ ማንም ስለ ላም አይጠይቅህም።

ስለ ደብዳቤዎቼ ምንም አልመለስክልኝም። አገኘሃቸው? ካገኘሃቸው መላኩም ይቅር፤ አቃጥላቸው።

አክስትህ ጤናዬ


ጂንካ፣ መጋቢት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእቴቴ ጤናዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን የምጽፈው ተኝቼ ነው፤ ፊደሎቼ ቢጋደሙ ውሸት ሆኖ አይደለም።

የካቲት 20 ገደማ ትኩሳቱ መጣ። ቀን ይለቀኛል፣ ወደ ማታ ይመለሳል፣ አንሶላውን ያርሰዋል። መጀመሪያ ለእማማ ሙሉሽ አልነገርኳቸውም። አንሶላውን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አይተው "በዐሥራ ሰባት ዓመትህ መሽናት ጀመርክ?" አሉኝ። ከዚያ ግንባሬን ነኩኝና ፊታቸው ተለወጠ። ይሁኔንም እንዲህ ነክተውት ነበር። እጄን ይዘው እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ደሜን የቀዳችው ሱአድ የምትባል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። በማግሥቱ ብቻዬን አስገባችኝ።

"ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?"

"አንዳንዴ።"

"የማን ላም?"

"ከገበያ የምንገዛው።"

"ሊትሩ ስንት ነው?"

አላወቅኩም።

"አንተ ልጅ፣ እኔ የወራቤ ልጅ ነኝ። ስለ ወተት አትዋሸኝ።" ወረቀቱን አዞረችልኝ። ከከብት የሚመጣው፣ የሚያስወርደው በሽታ ነው አለችኝ። "አሁን ስለተያዘ በእንክብል ይድናል፤ ስድስት ሳምንት ሳታቋርጥ ከዋጥክ። ሳይታወቅ ቆይቶ ልብ ላይ ከወጣ ግን የምናደርገው የለንም።"

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ወንድምህ ይሁኔ ነው አይደል? ጥቅምት ላይ ደሙን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከከብት ጋር ትሠራለህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሥራው ካለቀ ቆየ፣ ከእኔ ጋር የቀሩት ከብቶች ሁሉ ንጹሕ ነበሩ አለኝ። ስለዚህ ይሄን ምርመራ አልሠራሁለትም።" ከዚያ "ላሚቱ ያለችበት ቤት ልጆች አሉ?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

እንክብሉን እየዋጥኩ ነው። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ሆኗል፤ መድኃኒቱ ነው ብላኛለች። እኔ እየዳንኩ ነው። ዶላሞ ቤት ግን ማንም እንክብል አይውጥም።

እቴቴ፣ ደብዳቤዎችዎን አግኝቻቸዋለሁ። በሻንጣው ውስጥ አልነበሩም፤ በባዮሎጂ መጽሐፌ ውስጥ ነበሩ። ይሁኔ አውቆ ያስቀመጠልኝ ይመስለኛል። ሁለተኛውን ደብዳቤዎን እስካገኝ ድረስ አልከፈትኳቸውም ነበር። አቃጥል ስላሉኝ ከፈትኳቸው። ነሐሴ 20 ቀን 1995 የጻፉት እንዲህ ይላል፦

"ትኩሳትህን ለሐኪም ንገር፤ ላሟን ግን አትናገር። ሁለተኛው ዙር ተጀምሮ ቋሚ እስክትሆን ዝም በል። ትኩሳት ያልፋል፤ ያመለጠ እንጀራ ግን አይመለስም።"

ይሁኔ ምን ብሎ ጽፎልዎት ነበር? ይህን ብቻ ይንገሩኝ። አልቆጣም። ፈርቻለሁ እንጂ አልተቆጣሁም።

ዕዝራ


ቤይሩት፣ መጋቢት 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ዕዝሬ፣

ምርቃት ከአፌ አልወጣ ስላለኝ እንዲሁ ልጀምር። ዳንክ ወይ? ይህን ሳላውቅ ሌላውን መጻፍ አልቻልኩም ነበር፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

የወንድምህን ደብዳቤ አውጥቼ እገለብጥልሃለሁ። እንዳለ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

"እቴቴ፣ ላሚቱ ንጹሕ አልነበረችም። ዝርዝሩን በእጄ ነው የጻፍኩት። ዶላሞ አጥሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ግን ከአፌ ንጹሕ ናት የሚል ቃል ወጣ። ስትታይ ወፍራም ናት፤ ምናልባት ደሙ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቅዳሜ ወተት ያመጣልኛል። እምቢ ብለው ይገባዋል። ስለዚህ እጠጣለሁ። ዕዝራንም አጠጣዋለሁ። አሁን ትኩሳት ጀምሮኛል። ልናገር ወይ? ተናገር ካሉኝ ነገውኑ እናገራለሁ።"

ተናገር አላልኩትም።

እኔ እዚህ የሰው ወለል ስወለውል ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንዳችሁ ቋሚ ሥራ ይዛችሁ ባይ ብዬ ነበር የምመኘው። ትኩሳት መስሎኝ ነበር። ሁላችንም እኮ ይተኩሰናል፣ ይተወናል። ከሞተ በኋላ ግን አውቄያለሁ። ስሙ ስሙ እያልኩ የጻፍኩልህ የእሱን ስም ብቻ ጠብቄ አይደለም።

ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበል። ተናገር። ለሚመለከተው ሁሉ ተናገር፤ የእኔም ስም ከተነሣ ይነሣ። ደብዳቤው ሦስት ሳምንት በመንገድ ላይ እንደሚቆይ አውቃለሁ። እስኪደርስህ ድረስ እነዚያ ልጆች ስንት ቀን እንደሚጠጡ እየቆጠርኩ ነው የምኖረው።

ከእንግዲህ ምንም ላክልኝ አልልህም።

ጤናዬ


ጂንካ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእቴቴ ጤናዬ፣

እንክብሉን ጨርሻለሁ፤ ሱአድ ደሜን ዳግመኛ አይታ ተሻሽሏል ብላኛለች። ስለዚህ በእኔ በኩል አይስጉ። እንቅልፍዎን ይተኙ።

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት የእማማ ሙሉሽ ልጅ ገዘር ከተማ ወለደች የሚል መልእክት መጣ። ሊያርሷት መሄድ ነበረባቸው። "ጥዬህ አልሄድም" እያሉ ዕቃቸውን ሸከፉ። "ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው" ስላቸው "እሱን ለአንሶላው ንገረው" አሉኝና እያለቀሱ በመጨረሻው ሚኒባስ ሄዱ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጠዋት ያደረግኩትን እነግርዎታለሁ።

ስነቃ "ዕዝራ፣ አለህ?" የሚለኝ አልነበረም። ቆየሁ፤ ምናልባት ረስተው ይሆናል ብዬ። ከዚያ ራሴ ተነሣሁ። ሻይ አፈላሁ፤ በልማድ ሦስት ብርጭቆ አወጣሁ፣ ሁለቱን መለስኩ። ሻዩን ሳልጠጣ ተውኩት። ሌላ ንጹሕ ልብስ ስላልነበረኝ ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ተማሪው ሁሉ ወደሚሄድበት አብሬ ሄድኩና የትምህርት ቤቱን በር አልፌ ቀጠልኩ። ዘበኛው "ወዴት ነው ጌታው?" አለኝ።

ላቦራቶሪው ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ሱአድ ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ "ላሚቱ ያለችበትን ቤት አውቃለሁ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጆሮውን ቁጥር፣ ጉድጓዱን፣ የቅዳሜውን ወተት። የእርስዎንም ደብዳቤ ነገርኳት። እየጻፈች ሰማችኝ። ከአንዴ በቀር አላቋረጠችኝም፤ ያንንም ልጆቹ ስንት ናቸው ለማለት ነው። አራት አልኳት።

"ለግብርና ቢሮ እኔ እነግራለሁ" አለች። "እነሱ መኪናና ደብዳቤ ይዘው ከሄዱ ግን ሰውዬው ላሞቹን ነድቶ ጫካ ይገባል። መጀመሪያ ሰዎቹ ይምጡ። ማን ያመጣቸዋል?"

እኔ እንድል ፈልጋ አልነበረም። ግን "እኔ" አልኳት።

መኪናው ላይ ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተሳፍሬ ስወርድ ያሰብኩት ዶላሞ የሚይዘውን ዱላ ነበር። የሞተው ወዳጅህ ሐሰተኛ ነበር ልለው ነው የምሄደው። ወዳጅ የሚዋሽበት አገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ ስሄድ በየዛፉ ሥር ልመለስ እያልኩ ነበር። ያልተመለስኩት ስለ ደፈርኩ አይደለም፤ ከተመለስኩ ያው ፍርሃት ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚጠብቀኝ አውቄ ነው።

ዶላሞ ከአጥሩ በር ላይ አገኘኝ። ከጥር ወዲህ ከስቷል።

"ትምህርት የለም ዛሬ?" አለኝ።

"አለ።" ከዚያ ቶሎ አልኩት። "ዶላሞ፣ ይሁኔ ዋሽቶሃል። ላሚቱ ንጹሕ አይደለችም። እሱንም የገደለው ይሄ ነው። እኔም ታምሜ ነው የዳንኩት። ሚስትህንም የያዛት እሱ ነው።"

"ይሁኔ ወዳጄ ነው።"

"ወዳጅህ ነው። ፊትህን ማሳፈር ስላልቻለ ዋሸህ።"

ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። እኔ ዱላውን ነበር የማየው።

"ባለፈው ስትመጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አንተም ጠጣህ።"

"ጠጣሁ። ፈርቼ ነው።"

"እኔንም አየኸኝ፣ ልጆቼን አየህ፣ ጠጣህ፣ ሄድክ።"

"አዎ።"

የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት በረቱን እያየ ነበር። ላሚቱ በአጥሩ እንጨቶች መካከል አንገቷን አውጥታለች።

"ይገድሉታል?"

"ይመስለኛል።"

"ሌሎቹስ?"

"ደማቸው ይታያል። የሚገደሉት የታመሙት ብቻ ናቸው።"

"ሰውስ?"

"ሰው በእንክብል ይድናል። እኔ ድኛለሁ። ዛሬ ከሄድን።"

ወደ ጎጆው ገባ። ከሚስቱ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ቋንቋቸውን ስለማላውቅ የይሁኔ ስም ሲነሣ ብቻ ነበር የምለየው። ሦስት ጊዜ ተነሣ። ከዚያ ሚስቱን ደግፎ ይዟት ወጣ። ሦስቱ ልጆች በራሳቸው ተከተሉ። ኪያ ግን መራመድ አልቻለችም፤ ጉልበቷ አብጧል።

"ልጁን አንተ ያዝ" አለኝ ዶላሞ።

ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም ነበር። አዘልኳት። ትኩሳቷ በዩኒፎርሜ አልፎ ጀርባዬን ያቃጥለኝ ነበር። ዶላሞ ከፊት፣ እኔ ከሁሉም ኋላ ሆነን ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። መንገዱ ሲጠማዘዝ ዞር እያለ ያያት ነበር። እጆቿ አንገቴ ላይ ሲላሉ ደነገጥኩና ቆምኩ፤ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ትተነፍሳለች። እንቅልፍ ነው የወሰዳት።

ዕዝራ